የዛፍ ዕድሜና የባለቤቱ መብት

ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኘውን የሾዋክን ከተማ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በስደት ዘመኗ ነው፤ በ1980ዎቹ በረኀብና በጦርነት ምክንያት ድንበሩን የተሻገረውን ሕዝብ ጉዳይ የሚመለከተው የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን መሥሪያ ቤት በዚያ ስለ ነበረ፣ ስሟ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ከመታወቂያ ወረቀትና ከራሽን እህል ጋር ተያይዞ ይታሰባል። በዚህ ምዕራፍ የምናነሣት ግን በአገሩ ዛፍ ምክንያት ነው። በከተማይቱ ዙሪያና ከእርሷ በስተ ደቡብ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ ድረስ በተዘረጋው ጥቁር ምድር ላይ ጥቂት ፈዳን መሬት ይዞ ዛፍ የሚያሳድግ ሰው፣ ዛፉን ለፍሬ እስኪያበቃ ድረስ የሚገጥመው ፈተና ምን ምን እንደ ሆነ፣ ፈተናውም ከወዴት እንደ መጣና በምን ሊቃለል እንደሚችል በተራ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ፈዳንም 0.42 ሄክታር ያህል ነው።

ምድሩና ዕፅዋቱ

የአትባራ ወንዝ መነሻው ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለው የጎንደር ደጋ ነው፤ ጓንግ እየተባለ ወደ መተማ ቆላ ይወርድና፣ አንገረብን ከተቀበለ በኋላ፣ ከላስታ ተነሥቶ በሱዳን ምድር ሰቲት ከሚባለው ከተከዜ ጋር ከሾዋክ በላይ ይገናኛል። ከወንዙ ግራና ቀኝ ጎርፍ የቦረቦረው፣ የአገሩ ሰዎች ከሪብ የሚሉት ገደላገደል መሬት አለ፤ ይህም መሬት በላዩ የነበረው ዛፍና ሣር እየተመነጠረ በሄደ መጠን ወደ እርሻው እየሰፋ የሚገባ ነው። ከከሪቡ አልፎ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት እግርና መንኰራኵር የሚይዝ ጥቁር ሜዳ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ዝናሙ ከደቡብ ወደ ሰሜን እያነሰ ስለሚሄድ ዕፅዋቱም በዚያው ሥርዓት ይለዋወጣሉ፤ በደቡብ ጠልህና ሀሻብ የሚባሉት የግራር ወገኖች ከበደኖ ጋር ተቀላቅለው ይበቅላሉ፣ ወደ ቡጣና ሜዳ ሲቀርቡ ደኑ ወደ ቍጥቋጦና ወደ ሣር ይለወጣል፣ በወንዙ ዳርም ሱንትና ቁርቁራ ይቆማሉ።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በተከታዩ ዓመት የአትባራንና የሰቲትን ዳርቻ ተከትሎ ሲጓዝ፣ ዝሆንና ቀጭኔ በመንጋ የሚውሉበት ዱር አግኝቶ ነበር። ከቤከር በኋላ ባለፈው መቶ ተኩል ዓመት ያ ዱር ያለቀው በአንድ ጊዜ በደረሰ ጥፋት አይደለም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ለጊዜው ጕዳይ የሚያስፈልገውን ያህል እየቈረጠ፣ የተቈረጠውን የሚተካ ሰው ግን ስላልተገኘ ነው። ዛፍ መቍረጥ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ዛፍ መተካት የዕድሜ ሥራ ነውና፣ ለዚህ ለረጅሙ ሥራ የሚታመን ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የዚህ ምዕራፍ ዋና ጥያቄ ነው።

ሀሻብ

በዚህ አገር ያለ አነስተኛ የደን ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታመነው በሀሻብ ነው። ሀሻብ እሾኻም፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ የግራር ወገን ሲሆን፣ በዓለም ገበያ የአረብ ሙጫ የሚባለውን ያስገኛል። ታቦተ ሕጉ ከግራር እንጨት እንዲሠራ ለሙሴ በታዘዘበት በኦሪት ዘመን ግራር የምድረ በዳ ዋና እንጨት እንደ ነበረ ሁሉ፣ የጥንት ግብጻውያንም ሙጫውን ለቀለምና ለማጣበቂያ ያውሉት ነበር። ዛሬ ደግሞ በለስላሳ መጠጥ፣ በከረሜላ፣ በመድኃኒትና በኅትመት ቀለም ውስጥ ይገባል፤ ለዓለም ገበያ ከሚቀርበውም አብዛኛው ከሱዳን የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ሲጥል እንኳ ለዚህ ሙጫ በሩን ክፍት አድርጎለት ነበር።

የሀሻብ ባለቤት ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው። ዘሩ ከተዘራ ወይም ችግኙ ከተተከለ በኋላ እስከ አራትና አምስት ዓመት ድረስ ምንም ገቢ ሳይገኝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዛፉ ለሙጫ ሲደርስ፣ ዝናሙ አቁሞ ቅጠሉ መርገፍ በሚጀምርበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ሶንኪ በተባለ ረጅም እጀታ ባለው የብረት መሣሪያ ከቅርንጫፉ ላይ ቀጭን የልጥ ሰንበር ይላጣል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቈይ ከቍስሉ ላይ ሙጫው እንደ እንባ ጠብታ ረግቶ ይገኛል፣ ከዚያም በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ያህል ይለቀማል። በጥልቀት የቈሰለ ዛፍ ይደርቃል፤ ጊዜው ሳይደርስ የተላጠም ዛፍ ምርቱ ያንሳል። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው ሙጫ ጥቂት መቶ ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰብ በሙጫ ገቢ እንዲረዳ ብዙ ዛፍና ብዙ የለቀማ ቀን ያስፈልገዋል።

የዚህ ዛፍ ጥቅም ግን በሙጫው ብቻ አይቈጠርም። የግራር ወገን በመሆኑ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል፤ የነፋስን ኀይል ይሰብራል፣ ፍየልና ግመልም ቅጠሉንና ፍሬውን ይመገባሉ። የጥንቶቹ ገበሬዎች ይህን በልምድ ስለ ተረዱ መሬታቸውን በዙር ይይዙት ነበር፤ ጥቂት ዓመት ማሽላና ሰሊጥ ያርሱበትና አፈሩ ሲደክም ሀሻብ እንዲያለብሰው ይተዉታል፣ ከዚያም አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያህል ሙጫውን ይለቅማሉ፣ ዛፉ ሲያረጅ ቈርጠው ለማገዶና ለከሰል ያውሉታል፣ ያረፈውንም መሬት እንደ ገና ያርሱታል። እርሻውና ደኑ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መሬት ላይ፣ በየተራቸው የሚኖሩበት ይህ ሥርዓት ጸንቶ እንዲቈይ አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር፤ መሬቱን ዛሬ ለሀሻብ የተወ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም እርሱ ወይም ልጁ ባለ መሬት ሆኖ እንደሚገኝ እርግጠኛ መሆን አለበት።

የመሬቱ ባለቤት ማን ነው?

ይህ እርግጠኝነት የፈረሰው በሁለት ወገን ነው፤ በሕግና በትራክተር። በሕግ በኩል፣ በ1970 የወጣው ያልተመዘገበ መሬት ሕግ በመዝገብ ያልገባውን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገው። በገዳሪፍ ምድር ከአበው በልማድ የተወረሰው መሬት አብዛኛው በመዝገብ የገባ ስላልነበረ፣ ገበሬው ያሳደገው ሀሻብ በእጁ ሳለ ከሥሩ ያለው አፈር በሕግ ፊት የሌላ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሰውየው መሬቱን ቢጠቀምበትም፣ መንግሥት ለሌላ ጕዳይ ሲፈልገው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

በትራክተር በኩል ያለው ታሪክ ከዚያ ይቀድማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ላለው ሠራዊት እህል ስለ ፈለገ፣ በ1944 እና በ1945 በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ በመኪና የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመረ። በ1950ዎቹ እርሻው ለግል ባለ ሀብቶች በሺህ ፈዳን እየተሸነሸነ መሰጠት ጀመረ፤ በ1968ም የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ሥራው በዓለም ባንክ ብድር ተስፋፋ። ሺህ ፈዳን በአጭር ዘመን የተከራየ ነጋዴ፣ ሃያ ዓመት ጠብቆ አፈር የሚያሳርፍበት ምክንያት የለውም፤ ዛፉን ከነሥሩ አስነቅሎ በየዓመቱ ማሽላ በማሽላ ላይ ይዘራል፣ አፈሩ ደክሞ አቀንጭራ ሲወርሰውም ወደ ሌላ ደን ይሻገራል። በዚህ መካከል አሥርና ሃያ ፈዳን ሀሻብ በያዘው ገበሬ ዙሪያ ያለው ምድር ሁሉ ስለ ተመነጠረ፣ ነፋሱም መንጋውም ማገዶ ፈላጊውም በእርሱ በቀረው ጥቂት ዛፍ ላይ አረፈ።

ሕግ አውጪዎች ይህን ጥፋት አላዩትም ማለት አይቻልም። ሱዳን የደን አስተዳደርዋን በ1902 አቋቁማ፣ በ1932 የደን ፖሊሲ አውጥታ፣ በ1989 በወጣው የደን ሕግ ደግሞ ብሔራዊ የደኖች ኮርፖሬሽንን አደራጅታለች፤ ይኸው ሕግ ከመንግሥት ደን ሌላ የግለሰብና የማኅበረ ሰብ ደን እንዲኖር ከመፍቀዱም በላይ፣ በዝናም የሚያርስ ባለ ሀብት ከመሬቱ ከመቶ አሥሩን፣ በመስኖ የሚያርስም ከመቶ አምስቱን በዛፍ እንዲሸፍን ያዝዛል። ትእዛዙ በገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ በሙሉ ቢፈጸም ኖሮ፣ በየሺው ፈዳን መቶ ፈዳን ደን ይቆም ነበር። ነገር ግን ባለ እርሻው በከተማ የሚኖር ነጋዴ፣ ጠባቂውም ነዳጅና መኪና የሚያጥረው የደን ሠራተኛ በሆነበት አገር፣ ሕጉ ከታወጀበት ዘመን ወዲህ ሜዳው ይበልጥ እየተራቈተ ሄዷል።

የሕግ መለዋወጥ በሱዳን ብቻ የደረሰ አይደለም። በእኛም አገር በ1965 ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን ሦስት አዋጆች በአንድ ዓመት ወጥተው የግል ደን በሕግ ታውቆ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ሥርዓት ፈረሰ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በላዩ ላይ ያፈራውን ሀብት የራሱ አደረገለት፤ በ2018 የወጣው የደን አዋጅም የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረ ሰብና የመንግሥት ደን ብሎ ለየ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በአንድ ዝግባ ላይ ይህ ሁሉ ሕግ እየተፈራረቀ እንዳለፈበት ያስተዋለ ሰው፣ ገበሬው ለምን ቶሎ የሚደርሰውን ዛፍ እንደሚመርጥ አይጠፋውም።

የአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እነዚህ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራልያ ግራር ከጤፍ ጋር ይተክላሉ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳሉ፣ በሚቀጥለው ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቈርጠው ከሰል ያደርጉታል፣ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። አሠራሩ ከሀሻብ ዙር ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን በአጭሩ የተቈጠረ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራበትና ልጆች ያስተማረበት ይህ ሥራ፣ በአንድ ወገን ዛፍ ላይ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ዛፉን ሲመታው ጕዳቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰ። መብቱ አጭር የሆነ ገበሬ አጭር ዛፍ ይተክላል፤ ሁሉም አንድ አጭር ዛፍ በተከሉበት አገር ደግሞ አንድ በሽታ የሁሉንም ገቢ ይወስዳል።

ገበያና ዕዳ

መሬቱ የጸናለት ሰው እንኳ በገበያው በኩል ሌላ ፈተና አለበት። በሱዳን ሼይል የሚባል የብድር ልማድ አለ፤ ነጋዴው በክረምት፣ የገበሬው ጐተራ ባዶ በሆነበት ወራት፣ እህልና ገንዘብ ያበድርና ምርቱ ሲደርስ አስቀድሞ በቈረጠው በዝቅተኛ ዋጋ ይረከበዋል። ሙጫው ገና ከዛፉ ሳይወርድ የሌላ ሆኗልና፣ ገበሬው ዛፉን በጥንቃቄ ከመላጥ ይልቅ ዕዳውን ቶሎ ለመክፈል ወደ ማቍሰል ያዘነብላል። በላይ በኩል ደግሞ ከ1969 እስከ 2009 ድረስ ጥሬውን ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ መብት የአንድ ኩባንያ ብቻ ስለ ነበረ፣ የዓለም ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ለቀማው ላይ ላለው ሰው በሙሉ አይደርስም ነበር።

የድርቅ ዘመናትም የራሳቸውን ጠባሳ ጥለዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳህል ላይ በወረደው ድርቅ ሙጫ ጠፍቶ ዋጋው ሲንር፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከስታርች የተሠራ ምትክ ፈለጉ፤ ዝናሙ ሲመለስ ግን ከሄዱት ደንበኞች ሁሉም አልተመለሱም። ማሽላ በዓመቱ ይደርሳል፣ ሰሊጥ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፤ ሀሻብ ግን ዋጋው በወደቀበት ዓመት ባለቤቱ መጥረቢያ እንዳያነሣበት የሚያስታግሥ ሌላ ገቢ ይፈልጋል።

ማገዶ፣ መንጋና ውኃ

ሾዋክ በስደት ታሪክ ያላት ቦታ በደኑም ታሪክ ውስጥ ይገባል። ከ1969 ጀምሮ ኤርትራውያን በቃላ አን ነሐል፣ በ1984 እና በ1985 ደግሞ ከትግራይና ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የመጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በገዳሪፍ ምድር በየመጠለያው ሰፈረ፤ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣም ከስድሳ ሺህ የሚበልጥ ሰው በሐምዳየትና በሌላው በር ገብቶ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተወሰደ። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ከካርቱምና ከሌላውም የሱዳን ክፍል የተፈናቀለው ሕዝብ በዚያው አገር ተጠግቷል። እህል የሚሰፍርለት አካል ቢኖርም እህሉን የሚያበስልበትን እሳት ከአካባቢው ዱር ማግኘት ግድ የሆነበት ይህ ሁሉ ሰው፣ በተለይም እናቶችና ልጃገረዶች፣ እየራቀ የሚሄደውን እንጨት ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ለነፍሱ የሸሸ ሰው ስለ ማገዶ ሊወቀስ አይገባም፤ ጥፋቱ ለሰው መጠለያ ሲታሰብ ለእሳቱ ሳይታሰብ መቅረቱ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ግን ብዙ ጊዜ በቅርብ የሚገኘው ትንሹ ባለ ደን ነው፤ አጥር የለውም፣ ዘበኛ የሚቀጥርበት ገንዘብም የለውም፣ የተራበ ጎረቤትን ከዛፉ ሥር ማባረርም ለሕሊናው ይከብደዋል።

ከማገዶው ጋር የከሰል ንግድ አለ። ለከሰል ከሁሉ የሚመረጠው ጠልህ ሲሆን፣ ለሱዳን ሴቶች የጢስ መታጠቢያም እርሱ ይፈለጋል፤ ጠልህ ሲያልቅ ተራው የሀሻብ ነው። መንጋውም እንዲሁ ነው፤ የሹክሪያ፣ የላሐዊን፣ የበኒ ዐምርና የረሻይዳ እረኞች ግመላቸውን፣ በጋቸውንና ፍየላቸውን የሚነዱበት ጥንታዊ መንገድ በእርሻ ስለ ተዘጋ፣ መንጋው በየመሐሉ በቀረው ዛፍ ላይ ይሰማራል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ሀሻብ በአንድ ሌሊት ሊበላ ይችላል። የዛፍ አንበጣና የበጋ ቃጠሎ በዚህ ላይ ሲጨመሩ፣ ብቻውን የሚኖር ባለ ደን ቀንም ሌትም እንዲጠብቅ ይገደዳል።

የውኃውም ነገር አለ። በ1964 ከሾዋክ በታች በኸሽም አል ጊርባ፣ በ2017 ደግሞ ከከተማይቱ በላይ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ግድቦች ተሠርተዋል። ግድብ ለመስኖና ለመብራት የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በወንዝ ዳር የሚኖረው ሱንት በየዓመቱ በሚመጣውና በሚመለሰው ጎርፍ የሚያድግ ዛፍ ስለ ሆነ፣ ሐይቁ የሸፈነው ዳርቻና ጎርፉ የቀረበት ዳርቻ ሁለቱም ለእርሱ የሚስማሙ አይደሉም። የባቡር ሐዲድ አግዳሚ እንጨትና የቆዳ ማልፊያ ፍሬ የሚሰጠው ይህ ዛፍ በወንዝ ዳር ላለው ባለ መሬት ትልቅ ሀብት ነበር።

ምን ይበጃል?

እስከ አሁን የተዘረዘሩት ፈተናዎች ብዙ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ዛፉ የሚቈጠረው በሃያ ዓመት ነው፤ መብቱ፣ ብድሩ፣ ገበያውና የጎረቤቱ ችግር ግን የሚቈጠሩት በወራት ነው። የሁለቱን ቍጥር የሚያስታርቅ ነገር ካልተገኘ ምክርና ስብከት ብቻውን ደን አያቆምም።

ይህ እርቅ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን ሞልቷል። በሰሜኑ ደጋ፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ውስጥ የሀበሻ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ለዘመናት ቆመው ይገኛሉ። የቆሙበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ካህን ቢሞት ካህን ይተካል፣ ደብሩ ግን አይሞትምና ዛፉ ከባለቤቱ ዕድሜ አይረዝምም። ለግል ባለ ደን ይህን የመሰለ ጽናት የሚሰጠው ማኅበር ነው። በፊንላንድ ከደኑ ምድር እኩሌታ የሚበልጠው በግለሰብ ቤተ ሰቦች እጅ ሲሆን፣ ብዙው ይዞታ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በ1950 በወጣ ሕግ የጸኑ የደን ባለቤቶች ማኅበራት ለአባሎቻቸው የደን ባለሙያ ቀጥረው፣ ቍረጣውንና ሽያጩን አስተባብረው፣ ለትንሹ ባለ ደን የትልቁን አቅም ሰጥተውታል። በሱዳንም ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሙጫ አምራቾች ማኅበራት በየመንደሩ ተቋቁመዋል፤ አባሎቻቸው ሙጫቸውን በአንድ ላይ ለመሸጥና ከሼይል የሚሻል ብድር ለማግኘት የሚችሉት በእነርሱ ነው፤ የቃጠሎ መከላከያ መስመር መጥረግና ጥበቃን በተራ መያዝም ለአንድ ሰው የማይቻል፣ ለማኅበር ግን ቀላል ሥራ ነው።

ማኅበሩም ያለ ሕግ አይጸናም። ለአንድ ሀሻብ አትክልት የሚሰጠው የይዞታ ወረቀት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር፣ ይኸውም ሃያ አምስት ዓመት ያህል የሚደርስና ለልጅ የሚወረስ መሆን አለበት፤ ወራሾችም መሬቱን እየቈራረሱ ሀሻቡን ከመቍረጥ ይልቅ ሙጫውን በድርሻ እንዲካፈሉ የሚፈቅድ ደንብ ያስፈልጋል። የሺህ ፈዳን ባለ እርሻ ከመቶ አሥሩን በዛፍ ሳይሸፍን የኪራይ ዘመኑ እንዳይታደስለት ቢደረግ፣ በ1989 የተጻፈው ሕግ አዲስ ሕግ ሳያስፈልግ ሥራ ላይ ይውላል። መጠለያ የሚያቋቁም መንግሥትና ድርጅትም ከእህሉ ጋር ነዳጅ ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የመስጠት፣ በመጠለያውም ዙሪያ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የማስተከል ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።

ይህ ጕዳይ የሱዳን ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፣ በመተማና በቋራ የሚኖረው የእጣን ዛፍና የግራር ዱር ከገዳሪፉ ጋር አንድ ቆላ እንደ ሆነ፣ የሰሊጥ እርሻውም፣ ከሰሉም፣ ሰፋሪውም በዚህኛው ወገን ያንኑ ሥራ እየሠራ መሆኑን ላስታውሰው እወዳለሁ። ስለዚህ መሬት የምታከፋፍሉ ሹማምንት፣ ብድር የምታበድሩ ባንኮች፣ ችግኝ እንዲተከል የምታዝዙም ሁሉ፣ ለገበሬው ችግኝ ከመስጠታችሁ በፊት ዛፉ እስኪያረጅ ድረስ የሚጸናለትን መብት ስጡት።